የትከሻ አንከር ምን ያህል ይይዛል? በበግ አጥንት የምንፈትሽበት ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ላይ መካኒካል ለሚማሩና ደሴ ላይ ሕክምና ለሚማሩ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ታች ኮምቦልቻ፣ የሕክምና ትምህርቱ ደግሞ ላይ ደሴ ነው። በመሃል ያለው ሐረጎ የሚባለውን ዳገት የሚያቋርጥ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ነው። አንዱ ወገን ስለ ኃይልና ስለ ቁሳቁስ ያውቃል። ሌላው አጥንቱንና ስፌቱን ያውቃል። የትከሻ አንከርን፣ ማለትም ትከሻ ሲወልቅ የተላቀቀውን ክፍል ከአጥንቱ ጋር የምንሰፋበትን ትንሽ መያዣ፣ ጥንካሬ በደንብ ለመፈተሽ ሁለቱም እውቀት ያስፈልጋል። ተገናኝታችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ትከሻ ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ቶሎ የሚወልቀው ነው። ከወለቀ ደግሞ ከ100 ሰው 95 በሚሆነው ላይ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው። ኳስ የመሰለው የክንድ አጥንት ራስ ግሌኖይድ በሚባል ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። በጎድጓዳው ዙሪያ ላብረም የሚባል ጠንካራ ጠርዝ አለ። ትከሻው ሲወልቅ ላብረሙ ከፊት በታችኛው በኩል ከአጥንቱ ይላቀቃል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ብለንደል ባንካርት ይህን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1923 ስለገለጸው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ወጌሻም ይመልሰው ሆስፒታል፣ ላብረሙ ቦታው ላይ ካልዳነ ትከሻው ደጋግሞ ሊወልቅ ይችላል። በተለይ ወጣት ላይ።

ባንካርት አጥንቱን በስቶ፣ ክር በቀዳዳው አሳልፎ ነበር የሚሰፋው። አሁን በብዛት የሚሠራው በአንከር ነው። አንከር ማለት ክር የታሰረበት ትንሽ ስፒል ወይም ሽብልቅ ነው። የግሌኖይድ ጠርዝ ይበሳል፣ አንከሩ ይገባል፣ ክሩ በላብረሙ ውስጥ አልፎ ይቋጠራል። ቋጠሮ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ላብረሙ ከአጥንቱ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ጫናውን የሚሸከመው ይህ ስፌት ነው። ሰውነት ሥራውን ከተረከበ በኋላ የአንከሩ ጥንካሬ ብዙም አያሳስብም። የሚያሳስበው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

አንከር ሲፈተሽ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ኒውተን ያዘ?» ብሎ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። እኔ ከእሱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ከመነቀሉ በፊት ምን ያህል ተንሸራተተ? በመጨረሻስ የተሸነፈው የትኛው ክፍል ነው? ክሩ ነው? ቋጠሮው ነው? አጥንቱ ነው? መመሪያው በሙሉ እነዚህን ሁለቱን በትክክል ለመያዝ የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጡ

«የአንከር ጥንካሬን እናጠናለን» ብላችሁ ከተነሳችሁ አትጨርሱትም። አንድ ነገር ከአንድ ነገር ጋር አወዳድሩ። ለእኛ አገር የሚጠቅም ጥያቄ ልጠቁማችሁ። አንከር ከውጭ የሚገባና ውድ ነው። ታዲያ እንደ ባንካርት ክሩን በአጥንት ቀዳዳ አሳልፎ መስፋት ከአንከር ጋር ሲወዳደር እንዴት ይይዛል? በአንድ በግ ቀኝ ትከሻ ላይ አንከሩን፣ በግራው ላይ የቀዳዳውን ስፌት ትሠራላችሁ። የሁለቱም አጥንት ዕድሜ፣ አመጋገብና ጥንካሬ ተቀራራቢ ስለሆነ ልዩነቱ ከመጣ የመጣው ከአሠራሩ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ሌላው ጥሩ ጥያቄ የማዕዘን ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን በርክሃርት እ.ኤ.አ. በ1995 የቴክሳስ የአጥር ማዕዘን ምሰሶዎች ወደ ኋላ ተወጥረው የሚያዙበትን መንገድ አይቶ፣ አንከር ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ ቢገባ የተሻለ ይይዛል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በኋላ ግን ጥርስ ያለው አንከር ቀጥ ብሎ በ90 ዲግሪ ሲገባ የተሻለ የያዘባቸው ፈተናዎች መጡ። ክርክሩ ስላልተዘጋ ለተማሪ ጥሩ ርዕስ ነው።

ስንት ጥንድ ያስፈልጋል? ቢያንስ ስድስት። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ጥንድ ውጤቶችን ዊልኮክሰን በሚባለው የስታቲስቲክስ ፈተና ስታወዳድሩ፣ አምስቱም ጥንድ ወደ አንድ ወገን ቢያደሉ እንኳ ልታገኙ የምትችሉት ትንሹ ፒ ቫሊዩ (ልዩነት ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል) 0.0625 ነው። ስለዚህ የተለመደውን የ0.05 መስፈርት በምንም ተአምር አታልፉም። ስድስት ጥንድ ሲሆን 0.031 ይደርሳል። አስር ጥንድ ብታገኙ ደግሞ በጣም የተሻለ ነው።

ደረጃ 2፦ አንከሩን ማግኘትና ማወቅ

አዲስ አንከር ለፈተና መግዛት ከባድ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍሎችን ጊዜው ያለፈበት ወይም ተከፍቶ ሳይተከል የቀረ ካለ ጠይቁ። በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ። እጃችሁ የገባ አንከር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሰው አይሆንም። ተቀቅሎም፣ ታጥቦም፣ በምንም መንገድ አይመለስም። ሣጥኑ ላይ «ለሙከራ ብቻ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት።

ዓይነቱን መዝግቡ። ቲታኒየም አለ። ፒክ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አለ። ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ ከፖሊላክቲክ አሲድ የተሠራ አለ። ከካልሲየም ጨው ጋር የተደባለቀ ባዮኮምፖዚትም አለ። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሙሉ በሙሉ ክር የሆነው አንከር ነው። ይህኛው ጥርስ የለውም። በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ሲሳብ ይሰበሰብና ከውጭኛው ጠንካራ የአጥንት ሽፋን ሥር ይቀረቀራል። ስለዚህ የሚይዘው በሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ከሳሳ ወይም ቀዳዳው ከሰፋ መያዣ ያጣል። ሲገባ በደንብ ካልተሳበ ደግሞ በኋላ በጫና ጊዜ ራሱን እያስተካከለ ይንሸራተታል።

ጥርስ ላለው አንከር ከመፈተሻችሁ በፊት ግምት አስሉ። የመንቀያ ኃይሉ የሚገኘው የአጥንቱን የመቆረጥ ጥንካሬ፣ በአጥንት ውስጥ ያለውን ርዝመት፣ ፓይን፣ የውጭ ዲያሜትሩንና የጥርሱን ማስተካከያ በማባዛት ነው። ማስተካከያው የጥርሱ ጥልቀት በጥርሶቹ መካከል ላለው ርቀት ተካፍሎ፣ በ0.577 ተባዝቶ፣ 0.5 ሲደመርበት ነው። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ጥልቀት 0.3፣ የጥርሶቹ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአጥንቱን ጥንካሬ 4 ሜጋ ፓስካል ብንል 254 ኒውተን ገደማ ይመጣል። አጥንቱ በግማሽ ቢደክም ኃይሉም በግማሽ ይወርዳል። ብረቱ ስንት ሜጋ ፓስካል እንደሚችል ስሌቱ ውስጥ የለም፤ ልብ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው አንከሩ ሳይሆን የገባበት አጥንት ነው።

ደረጃ 3፦ አጥንቱን ማዘጋጀት

በውጭ ቤተ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚሠራው በፖሊዩረቴን ፎም ነው። ደረጃው ኤኤስቲኤም ኤፍ 1839 ይባላል። ግሬድ 20 የሚባለው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.32 ግራም፣ ግሬድ 10 ደግሞ 0.16 ግራም ይመዝናል። ጥቅሙ አንድ ወጥ መሆኑ ነው። ከተገኘ ጥሩ። ካልተገኘ ወሎ ውስጥ በግ አይጠፋም።

ስጋ ቤት ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ቀኝና ግራ ወርቹን ከአንድ በግ፣ አጥንቱን ሳይፈልጡ ይስጡኝ» በሉ። ሳይፈልጡ የሚለውን አትርሱ። የመጥረቢያ ስንጥቅ ያለበት አጥንት ለፈተና አይሆንም። የበጉን ዕድሜ ጠይቁና ጻፉ። የጠቦትና የሙክት አጥንት አንድ አይደለም። የጾም ወቅት ከሆነ የትኞቹ ስጋ ቤቶች እንደሚከፈቱ አስቀድማችሁ አጣሩ። ስድስት ጥንድ በአንድ ቀን ላይገኝ ይችላል።

በቄራ ተመርምሮ የታረደ ብቻ ውሰዱ። ጓንት አድርጉ። ብሩሴሎሲስና አባ ሰንጋ ከከብትና ከበግ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። በመጋዝ ስትቆርጡም መነጽርና ማስክ አድርጉ።

ሥጋውን አንሱ፣ ሰፊውን የትከሻ አጥንት ከነግሌኖይዱ አስቀሩ። በኖርማል ሳላይን (በሆስፒታል የጨው ውሃ) በተነከረ ጎዝ ጠቅልሉት፣ በሁለት ፌስታል አስራችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አቀዝቅዙ። ከፈተናው በፊት በነበረው ሌሊት ወደ ተራው ፍሪጅ አውርዱት። አንዴ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

እዚህ ላይ ስለ አየሩ ላንሳ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ብርድ ናት። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ሞቃት ናት። ከደሴ በበረዶ ሣጥን ያመጣችሁት አጥንት ኮምቦልቻ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ቶሎ ይደርቃል። የደረቀ አጥንት ከእርጥቡ የበለጠ ግትርና ተሰባሪ ይሆናል። ይህ ቁጥራችሁን ያዛባል። በየጥቂት ደቂቃው ሳላይን እርጩበት። የክፍሉን ሙቀት ጻፉ። ሁሉንም በአንድ ቦታ ፈትሹ እንጂ ግማሹን ደሴ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ አታድርጉ።

ደረጃ 4፦ አጥንቱን መትከል

አጥንቱን ከግሌኖይዱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቁረጡት። አጭር የፒቪሲ ቱቦ ውስጥ አቁሙት። እንዳይሾልክ ሁለት ረጃጅም ስፒሎች በአጥንቱ ላይ አሻግሩ። ከዚያ የመኪና ቦዲ በሚሞላበት ስቱኮ ወይም የጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት አክሪሊክ ሙሉት። ሁለቱም ሲደርቁ ይሞቃሉ። ግሌኖይዱን በእርጥብ ጎዝ ሸፍኑና ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ከሙሌቱ በላይ አስቀሩት። ጄሶ ርካሽ ነው፣ ግን በተደጋጋሚ ጫና ይፈረካከሳልና ለዚህ አልመክረውም።

ቱቦው በሞርሳ ይታሰራል። ሞርሳው ትንሽ ቢላላ ምንም የማይጎዳ ስህተት እንዳይመስላችሁ። የእናንተ መለኪያ ሚሊ ሜትር ነው።

ደረጃ 5፦ መብሳትና ማስገባት

ይህን የሚሠራው ከሕክምና በኩል ያለው ሰው ይሁን። ሁሉንም አንድ ሰው ይሥራው። ፑንታው ከአንከሩ ጋር የመጣው ይሁን። ከሌለ በአምራቹ የተጻፈውን ዲያሜትር በካሊፐር አረጋግጡ። ከተጻፈው ዲያሜትር ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ቀዳዳ ቀጭን ጥርስን ባዶ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። በዝቅተኛ ፍጥነት ብሱ፣ ሳላይን እያንጠባጠባችሁ። የደነዘ ፑንታ አጥንት ያቃጥላል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋል። አንዴ ከጀመራችሁ እጃችሁን አታወዛውዙ።

በሰው ላይ አንከሩ የሚገባው በግሌኖይዱ ጠርዝ ላይ ነው። በቀኝ ትከሻ ጎድጓዳውን እንደ ሰዓት ብናየው ከቁጥር 3 እስከ ቁጥር 6 ባለው በኩል። በጉም ላይ አንድ ቦታ መርጣችሁ በሁሉም ላይ እዚያው አድርጉ። የአጥንት ጥግግት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ነው። በአንድ አጥንት ላይ ከአንድ በላይ ከፈተሻችሁ በመሃላቸው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይኑር። የአንዱ ስንጥቅ ለሌላው እንዳይተርፍ።

የጥልቀት ምልክቱ ከአጥንቱ ጋር እኩል እስኪሆን አስገቡት። ጥርስ ወደ ውጭ ከታየ ፈተናው ተበላሽቷል፣ አውጡትና መዝግቡት።

ደረጃ 6፦ ክሩን መያዝ

ሁለት አማራጭ አለ። አንከሩን ብቻ መፈተሽ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም የክር ጫፎች ሳትቋጥሩ በመያዣ ያዙ። ሙሉ ስፌቱን ከፈለጋችሁ ለስላሳ የብረት ዘንግ ዙሪያ ቋጥሩት። ሲቋጠር ከመጀመሪያው ተንሸራታች ቋጠሮ በኋላ አቅጣጫቸውና ምሰሶ ክራቸው (ሌላው ክር የሚጠመጠምበት) የሚቀያየር ቢያንስ ሦስት ግማሽ ቋጠሮዎች ይጨመሩ። በጣም ጠንካራው የፖሊኢትሊን ክር ለስላሳ ነው። በዘፈቀደ ከተቋጠረ ሳይበጠስ ሸርተት ይላል።

ከአጥንቱ እስከ መያዣው ያለው ክር በሁሉም ላይ እኩል ይሁን፣ ለምሳሌ 3 ሴንቲ ሜትር። ረጅም ክር ብዙ ይለጠጣል። ማሽኑ የሚያሳያችሁ ርቀት የክሩን መለጠጥና የአንከሩን መንሸራተት ደምሮ ነው። ለመለየት አንከሩ አጠገብ ክሩ ላይ በማይጠፋ እስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። አጥንቱ ላይም ሌላ ነጥብ። ከጎን ማስመሪያ አቁሙና በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ስልኩ በማቆሚያ ይቁም፣ በእጅ አይያዝ። ከቪዲዮው ላይ የነጥቦቹን ርቀት እየለካችሁ እውነተኛውን መንሸራተት ታገኛላችሁ። ርካሽ ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል።

ደረጃ 7፦ ደጋግሞ መጫን

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በአንድ ጊዜ ይነቅላል። አትዝለሉት። የታመመ ሰው ትከሻ አንዴ በኃይል ከመሳቡ በፊት ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይሳባል። ሲገላበጥ፣ ሲያስል፣ ልብስ ሲለብስ።

በ10 ኒውተን ወጥራችሁ ጀምሩ። ከዚያ ከ10 እስከ 60፣ ወይም ጠንከር ካለ ከ10 እስከ 100 ኒውተን ደጋግሙ። በሰከንድ አንድ ጊዜ፣ ከ100 እስከ 500 ዙር። ማሽን ካለ ቀላል ነው። ከሌለ በክብደት ይሠራል። 10 ኒውተን 1.02 ኪሎ ነው። 60 ኒውተን 6.1 ኪሎ፣ 100 ኒውተን ደግሞ 10.2 ኪሎ ነው። ከጣሪያ ብረት ላይ አጥንቱን ገልብጣችሁ እሰሩ፣ ከክሩ ሥር ጀሪካን ስቀሉ፣ ጀሪካኑን ከሥር በክሪክ ወይም በእንጨት ማንሻ ቀስ እያላችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉ። በሰከንድ አንድ ዙር አይደርስም። ፍጥነቱን ግን አንድ ዓይነት አድርጉ። ቢያንስ 50 ዙር ሥሩ። ጀሪካኑ እንዳይወድቅ ብቻ ሳይሆን እንዳይወዛወዝም ተጠንቀቁ። የሚወዛወዝ ክብደት ከተጻፈው በላይ ይስባል።

በ1ኛው፣ በ10ኛው፣ በ50ኛውና በመጨረሻው ዙር መንሸራተቱን ጻፉ። አብዛኛው መንሸራተት መጀመሪያ ላይ መጥቶ ከዚያ ከቆመ አንከሩ ቦታውን ይዟል። በየዙሩ እየጨመረ ከሄደ ግን አጥንቱን እየበላው ነው። ይህ ልዩነት ከመጨረሻው ኃይል ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል።

ደረጃ 8፦ እስኪነቀል መሳብ

ፍጥነት መርጣችሁ አትቀይሩት። አጥንት በፍጥነት ሲሳብ ጠንክሮ ይታያል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ የተለያየ ውጤት አይወዳደርም። በጀሪካኑ ዘዴ ከሆነ ባዶ 20 ሊትር ጀሪካን ሰቅላችሁ በቀጭን ቧንቧ ውሃ ሙሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ፣ ማለትም 9.8 ኒውተን ነው። ሞልቶ ካልተነቀለ 196 ኒውተንና የጀሪካኑን የራሱን ክብደት ችሏል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሁለተኛ ጀሪካን ወይም ማንሻ ብረት ያስፈልጋል። ከሥር ጎማ አንጥፉ፣ እግራችሁን አርቁ፣ መነጽር አድርጉ። የተበጠሰ ክር ዓይን ያጠፋል።

ኃይሉን በሦስት ቦታ መዝግቡ። 2 ሚሊ ሜትር ሲንሸራተት፣ 5 ሚሊ ሜትር ሲንሸራተትና ሲያበቃ። 5 ሚሊ ሜትር በብዙ ጥናቶች እንደ ሽንፈት የሚቆጠር ነው። ላብረሙ ከአጥንቱ ያን ያህል ከራቀ አንከሩ ባይነቀልም አይጣበቅም። ምሳሌ ልስጥ። አንዱ አንከር እስከ 300 ኒውተን ቻለ እንበል፣ ግን 5 ሚሊ ሜትር የተንሸራተተው በ120 ነው። ሌላው በ220 ተነቀለ፣ 5 ሚሊ ሜትር የደረሰው ግን በ180 ነው። እኔ ለትከሻዬ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ደረጃ 9፦ ምኑ እንደተሸነፈ መጻፍ

ወዲያው ፎቶ አንሱ። አንከሩ ከነክሩ ተነቅሎ ከሆነ የተሸነፈው አጥንቱ ነው። ጥርሱ መሃል የቀረውን የአጥንት ፍርፋሪ እዩ፤ ብዙ ካለ በደንብ ይዞ ነበር፣ ምንም ከሌለ ቀዳዳው ሰፍቶ ነበር። የአንከሩ ዓይን (ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ከተሰበረ ችግሩ የአንከሩ ነው፤ በሚሟሟ አንከር ላይ በተለይ ጠብቁት። የግሌኖይዱ ጠርዝ ተሰንጥቆ ከሄደ ቀዳዳው ለጠርዙ ቀርቦ ነበር።

ክሩ ከተበጠሰ ወይም ቋጠሮው ከተፈታ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የለካችሁት ክሩን እንጂ አንከሩን አይደለም። ስለ አንከሩ ልትሉ የምትችሉት «ቢያንስ ይህን ያህል ችሏል» ብቻ ነው። ከተነቀሉት ጋር ደባልቃችሁ አማካይ አታውጡ። እንዲህ ያለ መደባለቅ ብዙ ሪፖርት ላይ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ሥራ በአንድ ሠንጠረዥ ይበላሻል።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ማቅረብ

የእያንዳንዱን ጥንድ ልዩነት አንድ በአንድ አሳዩ። መካከለኛውን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንም ጻፉ። ሐኪሙን ሌሊት የሚያነቃው ዝቅተኛው ነው። የተጣሉትን ናሙናዎች ከነምክንያታቸው አካቱ።

የማይባለውንም እወቁ። በአራት እግሩ የሚሄድ በግ ትከሻው ላይ ክብደት ይሸከማል፣ አጥንቱም እንደዚያው ነው። «በበግ 250 ኒውተን ያዘ፣ በሰውም ይይዛል» አይባልም። የሚባለው «ይህ አሠራር ከዚያኛው በዚህ ያህል በለጠ ወይም አነሰ» ነው። ደግሞ ስፌቱ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ሲላላ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ክሩ ያለፈበት ሥጋ ነው፤ እሱን አልፈተሻችሁም። በሕክምና ሦስትና ከዚያ በላይ አንከር የሚደረገውም ጫናው እንዲከፋፈል ነው። የግሌኖይዱ አጥንት ራሱ ብዙ ከተበላ፣ ማለትም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከጎደለ፣ የአንከር ጥንካሬ አያድነውም። ያን ጊዜ አጥንት አምጥቶ መትከል ይታሰባል፣ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳቀረበው ዓይነት።

ውጤቱን ደሴ ላሉት ፊዚዮቴራፒስቶችም ስጧቸው። ክንዱ ለሳምንታት ለምን እንደሚታሰር፣ ሙሉ 20 ሊትር ጀሪካን 200 ኒውተን ገደማ ወደ ታች እንደሚስብና በዚያ ጊዜ ለምን እንደሚከለከል በቪዲዮአችሁ ለታካሚ ሊያሳዩበት ይችላሉ።

ሲያልቅ አጥንቱን ከሆስፒታሉ የሚቃጠል ቆሻሻ ጋር አስወግዱ፣ ሜዳ ላይ ለውሻ አትጣሉት፤ ስቱኮና ስፒል አለበት። ሞርሳውንና ጠረጴዛውን በበረኪና እጠቡ። ቪዲዮዎቹን ከነናሙና ቁጥራቸው ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መንሸራተቱን እንደገና መለካት ይፈልግ ይሆናል።